ያልተነካው ግድግዳ

ጡረታ ስወጣ በሸለሙኝ ሰሌዳ ላይ ውሸት ተጽፏል። ሰሌዳው ደህና ተደርጎ የተላገና ቫርኒሽ የተቀባ ዋንዛ ነው። ስሜ በትልቁ ተቀርጾበታል፤ ከስሜ ሥር ደግሞ «የአገር ክብረ ወሰን የሰበረች ዋናተኛ አሰልጣኝ» ይላል። አዳራሹ ሙሉ ሰው ነበር። ጋቢ አለበሱኝ፣ ለስላሳ ጠጣሁ፣ ፎቶ ተነሳሁ። ሰሌዳውን በብብቴ ሸጉጬ ስወጣ ግን ተናድጄ ነበር። ያ ክብረ ወሰን በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። ካጨበጨቡልኝ ሰዎች ግማሾቹ ይህን ከእኔ እኩል ያውቃሉ።

የሥራ ዘመኔን ላውራ ካልኩ ከውሃው በፊት ከተራራው መጀመር አለብኝ። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት አምባሰል ውስጥ፣ ወደ ግሸን በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ነው። መርሐ ትምህርቱ ዋና አስተምር ይላል፤ ውሃው ግን ለመጠጥም የሚመጣው በአህያ ተጭኖ ነው። ርዕሰ መምህሩ ምዕራፉ መሸፈን አለበት ብለው ድርቅ አሉ። እኔም ተማሪዎቼን አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዳቸው እያስተኛሁ እጅና እግራቸውን አወራጭ ጀመር። በመስከረም ለንግሥ ወደ ግሸን የሚወጡ ምዕመናን ቆም ብለው ያዩናል። አንዲት እናት ደንግጠው «ልጆቹ ምን ሆነው ነው?» አሉኝ። «ዋና እየተማሩ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ዙሪያውን ቃኘት አደረጉና «በየት በኩል?» ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ስለ ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር ካልኩ ይበቃል።

ከዓመታት በኋላ ወደ ሐይቅ ከተማ ስዛወር ውሃው እስኪተርፈኝ አገኘሁ። ውድድር የሚደረግበት ገንዳ ግን በአቅራቢያው የለም። ቀስ በቀስ ከማስተማሩ ወደ ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ገባሁና የዋና አሰልጣኝ ተባልኩ። አሰልጣኝ ያደረገኝ ግን የሹመቱ ወረቀት ሳይሆን አለቃ ተፈራ ናቸው። አለቃ የባሕር ኃይል ሰው ነበሩ። ምጽዋ ላይ ሌሎችን ሲያሠለጥኑ ኖረው፣ መንግሥት ሲለወጥ አንዲት ሻንጣ ይዘው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። የሐይቁን ልጆች ያለ ክፍያ ያሠለጥኑ ነበር፤ ማንም ሥራዬ ብሎ አልጠየቃቸውም፣ ማንም አላመሰገናቸውም።

አለቃ ውሃ ከመግባታቸው በፊት ማጅራታቸውን በውሃ ያርሳሉ። ቀጥለው ሐይቁ ዳር ከበቀለው ደንገል ቁራጭ ይወረውሩና ወዴት እንደሚሄድ እስኪያዩ ዝም ብለው ይቆማሉ። የሐይቁ ውሃ የቆመ ይመስላል እንጂ አይቆምም፤ ነፋሱ ከተራራው ሲወርድ ከላይ አንድ ወገን፣ ከሥር ሌላ ወገን ይሄዳል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጀርባቸውን ለዋናተኛው ሰጥተው መቆማቸው ነው። አያዩም፤ ይሰማሉ። ፊታቸውን ወደ ከተማው እንዳዞሩ «የዚህ ልጅ ቀኝ እጅ ውሃውን ይመታል እንጂ አይገባም፣ በለው» ይሉኛል። ዞር ብዬ ሳይ ልክ ናቸው። ብዙ ዓመት አጠገባቸው ቆሜ እኔም ከጊዜ በኋላ መስማት ለመድኩ። ከእሳቸው የወረስኩት ይህንኑ ጆሮ ነው።

አንድ ሕግ ነበራቸው። የመዋኛው መስመር ጫፍ ላይ በገመድ ከድንጋይ ጋር የታሰረ ጀሪካን ይንሳፈፋል፤ ዋናተኛው እሱን ዞሮ ይመለሳል። ጀሪካኑን መንካት ክልክል ነው። የነካ ወዲያው ከውሃው ይወጣል፣ ሳምንቱን ሙሉም አይመለስም። ጥጋብ አልነበረም። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ጎረምሳ ደክሞት ጀሪካኑ ላይ ሲንጠላጠል ገመዱ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ቀርቷል። ጠልቀው ያወጡት አለቃ ራሳቸው ነበሩ፤ ነፍሱ ግን ወጥታ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእጃቸው ያለፈ ልጅ ሁሉ ጀሪካኑ ጋ ሲደርስ የክንዱን ያህል ርቆ ይዞራል። በኋላ በኋላ ነገሩ ኩራት ሆነ። የሐይቅ ልጅ ጀሪካን አይነካም ይባል ጀመር። ከዚያም በኋላ በእኛ እጅ የሰጠመ የለም።

ሉባባ የዓሣ አጥማጁ የኢብሬ ልጅ ናት። የአባቷን ታንኳ ነፋስ ሲወስዳት ዋኝታ ስትመልስ ነው ያየኋት። ኢብሬ እኩያዬና ጎረቤቴ ስለሆነ ቤቱ ሄጄ ለመንኩት።

«ሰይዶ፣ ሴት ልጄን ከጎረምሳ ጋር ውሃ ውስጥ ከትተህ ሰው ምን ይለኛል?» አለኝ።

«ለብቻዋ ነው የማሠለጥናት። ልብሷም ሙሉ ነው፣ ፀጉሯም ይሸፈናል። አንተም መረብህን እየጠገንክ እዚያው ቁጭ በል።»

ጥቂት አሰበና «እሷማ ከእኔ ታንኳ ትፈጥናለች፣ ወላሂ» አለ። «እንግዲህ አላህ ይጠብቃት። አብሽር፣ ውሰዳት።»

አለቃ ያኔ አርጅተው ነበር። በብትር እየተደገፉ መጡና እንደልማዳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ሉባባ ጀሪካኑን ዞራ ተመለሰች። አለቃ ዝም አሉ። እንደገና ላክኋት፤ አሁንም ዝም አሉ። በመጨረሻ «ይህቺ ልጅ ድምፅ የላትም» አሉ። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም። እጇ ውሃው ውስጥ ሲገባ ጠብታ አይረጭም ማለታቸው ነው። የቅርቡ ለውጥ በመጣበት ክረምት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሉባባ ከሴቶቹ ጋር ቆማ አባቷ የሞተባት ያህል አለቀሰች።

ለውጡ ለእኛ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ይዞ መጣ። ጠዋት ስብሰባ፣ ከሰዓት ስብሰባ፤ የጽሕፈት ቤቱ ስም ተለወጠ፣ ማኅተሙ ተለወጠ፣ ኃላፊው ደግሞ ስሙን ሳንለምደው ይለወጣል። እኔ ለመጣው ኃላፊ ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። የገንዳ ውድድር ላይ ዋናተኛው ጫፍ በደረሰ ቁጥር ግድግዳውን መንካት አለበት፤ ካልነካ ውጤቱ ይሰረዛል። የእኛ ልጆች ደግሞ አለመንካትን ነው የተማሩት። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ቋሚ ተተክሎ፣ ጣውላ ተመትቶበት፣ ግድግዳ ይሠራልን አልኩ። አንዱ «ሐይቅ ውስጥ ግድግዳ ጥናት ይፈልጋል» አለኝ። ሌላው «ከለውጡ አንጻር እናየዋለን» አለ። ሦስተኛው በር ላይ ሲያየኝ «ይኸው፣ ግድግዳው መጣ» ብሎ ይስቅብኝ ነበር። ጽፌ አስገባለሁ፣ ይጠፋል፤ እንደገና ጽፌ አስገባለሁ።

ሉባባ ለአገር አቀፉ ውድድር ስትመረጥ አንድ ሆቴል ለምነን ለጥቂት ጠዋት ገንዳውን ፈቀደልን። ኩላሊት የመሰለ፣ ለሙሽሮች ፎቶ የተሠራ ገንዳ ነው። ሌሎቹ ዋናተኞች ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ውሃ ውስጥ ተገልብጠው በእግራቸው ይገፋሉ። ይህን ለማስተማር ጊዜ አልነበረንም። «በእጅሽ ምቺና ዙሪ» አልኳት። በመዳፏ ጧ እያደረገች ትመታና ትዞራለች። መጀመሪያ መጀመሪያ እጇ ይሰበሰብባት ነበር፤ ግድግዳው ጋ ስትቀርብ የሆነ ነገር የሚይዛት ይመስል ትኮማተራለች። «ኮች፣ አለቃ የሚያዩኝ ይመስለኛል» አለችኝ እየሳቀች። ከዚያ ለመደችው፤ ወይም የለመደችው መሰለን።

ውድድሩ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ነፃ ቀዘፋ ነው። ሉባባ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ጥብቅ ሱሪና እጅጌው ረጅም ሹራብ ለብሳ፣ ፀጉሯን ሸፍና ብቅ ስትል ተመልካቹ መካከል ሳቅ ተሰማ። አንዱ «ዓሣ ልትሸጥ ነው የመጣችው?» አለ። እኔ ከገንዳው ጫፍ ራቅ ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። አጠገቤ ያለው የሌላ ቡድን አሰልጣኝ ያበድኩ መስሎት አየኝ።

ተመልካቹ ገና እያወራ፣ ገና ማንም ልብ ሳይላት፣ የእሷን መዳፍ እከታተል ነበር። ውሃው ዝም ይላል፣ ከዚያ ጧ። ዝም ይላል፣ ጧ። እንዲህ እየሄደ አንድ ጊዜ ዝም አለ፤ ጧ ግን አልመጣም። ዞራ ስትመለስ ውሃው ሲሰነጠቅ ሰማሁ፤ ምቱ ግን የለም። ጩኸት ሸፍኖት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ያኔ ግን የሚጮህ ሰው አልነበረም።

ጩኸቱ የመጣው በኋላ ነው፤ እኔም ዞሬ ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው። ግማሹን ካለፉ በኋላ ሌሎቹ ሲደክሙ ሉባባ ያው ናት። ግድግዳው ጋ በመጡ ቁጥር ተገልብጠው ይቀድሟታል፤ መሃል ላይ ደርሳ ታልፋቸዋለች። ከዚያ መቅደማቸውም ቀረ። የሳቁት ሰዎች ተነሥተው ቆሙ። ገንዳው ዳር ሰው ከእሷ ጋር እኩል እየተራመደ ወዲያና ወዲህ ይላል። ድምፅ ማጉያውን የያዘው ሰውዬ የሚለው ጠፍቶት «ጎበዝ፣ ይህቺን ልጅ እዩልኝ» ብቻ ይላል። ስትጨርስ ሁለተኛዋ ገና አንድ የገንዳ ርዝመት ይቀራት ነበር። ሰዓት ያዦቹ ተያዩ፤ ሰዓታቸውን አስተያዩ፤ እንደገና አስተያዩ። የቆየው ክብረ ወሰን መሰበሩ ተነገረ። የማላውቀው ሽማግሌ አቅፎኝ አለቀሰ። ብዙ ዓመት ዋና አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ አላየሁም አለኝ። እኔም አላየሁም።

ከዚያ በገንዳው ሩቅ ጫፍ የመዞሪያውን ግድግዳ የምትጠብቀው ዳኛ እጇን እንዳነሳች ቆማ አየኋት። በጨዋታው ሙቀት ማንም አላያትም ነበር። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ዓይኗ ቀልቷል። «አንድ ጊዜ አልነካችም» አለች። «መዳፍ የሚያህል ቀርቷት ነው የዞረችው። ባላየሁት ብዬ ተመኘሁ።»

የቡድን መሪያችን እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ከመሥሪያ ቤታችን የተላከ፣ ከለውጡ ጋር የመጣ ወጣት ኃላፊ ነው። «ቅሬታ እናስገባለን። ስትነካ በዓይኔ አይቻለሁ ብለህ ፈርም» አለኝ።

«ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር የቆምኩት።»

«ማን አየህ? ክብረ ወሰን እኮ ነው፣ ሰይድ። የአካባቢው ስም ነው።»

ይህን ጊዜ ሉባባ ፎጣ እንደለበሰች መጣች። ሁሉንም ሰምታለች። «ኮች፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ነክቻለሁ ወይስ አልነካሁም?» አለችኝ።

«አልነካሽም።»

«አላዩኝም እኮ።»

«ሰምቼሽ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። «ጀሪካኑ ነው የታየኝ» አለች። «በየትኛው ሰዓት እንደሆነ አላውቅም፤ ሐይቅ ያለሁ መሰለኝ። አለቃ ቢኖሩ ምን ይሉኝ ነበር?»

«አልነካሽም ብለው ይመርቁሽ ነበር» አልኳት። ሁለታችንም ለመሳቅ ሞከርን። አልፈረምኩም፤ ውጤቷ ተሰረዘ። ሁለተኛ የወጣችው ልጅም የድሮውን ሰዓት አሻሽላ ስለነበር ክብረ ወሰኑ በእሷ ስም ተመዘገበ። ዛሬም በእሷ ስም ነው። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ በኋላ ደውላልኝ «የእሷ ነው፣ ኮች፤ እኔ እሷን ለመያዝ ስል ነው እንደዚያ የዋኘሁት» አለችኝ።

ሐይቅ የመጀመሪያውን ዜና እንጂ ሁለተኛውን ገና አልሰማም ነበር። ባጃጆች ቅጠል አስረው መንገዱ ዳር ተሰልፈዋል። እኛ ስንደርስ ነገሩ በስልክ ከእኛ ቀድሞ ተሰምቷል፤ ቅጠሉን እየፈቱ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ጽሕፈት ቤቱ «እንኳን ደስ አለሽ» የሚል ትልቅ ሸራ አሳትሞ ስለነበር ሁለት ሰዎች ቶሎ ቶሎ ሲጠቀልሉት ደረስን። ኢብሬ ጠጋ ብሎ «ካልፈለጋችሁትስ ለዓሣው ጥላ ይሆነኛል» አላቸው። ሰጡት። ያ ሸራ ለብዙ ጊዜ ዓሣ መሸጫው ላይ ተወጥሮ ኖረ፤ ሉባባም በየቀኑ ከሥሩ ቁጭ ትል ነበር።

ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤት ውስጥ ክብረ ወሰኑን የሸጠ ሰው ተባልኩ። ስብሰባ ላይ ስሜ አይነሳም፤ «አንዳንድ ለአካባቢያቸው የማይቆረቆሩ» ይባላል። ግድ አልነበረኝም ብል እዋሻለሁ። ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ሉባባ አንድ ዕድል ብቻ ነበር የምትፈልገው። ያንን ርቀት እንደገና ዋኝታ፣ ሁሉንም ግድግዳ ነክታ፣ ስሟን ማስጻፍ። ይህ ብቻ። ጥያቄዬን ይዤ እንደገና ሄድኩ፤ ግድግዳ ስጡን፣ ልጅቷ ጫፍ ላይ ናት አልኩ። ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል ተባልኩ። የሚቀጥለው ዓመት ወረርሽኙ መጣና ውድድሩ ቀረ። ሉባባ መዋኘቱን አልተወችም። ከበፊቱም ፈጥናለች፤ በጆሮዬ አውቃለሁ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ።

ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ በእግሬ ወደ አምባሰል ሸሸሁ። ያስጠጋኝ ድሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ዋና ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን ጎልማሳ ገበሬ ሆኗል። «ቲቸር፣ ያስተማሩኝን ዋና እስካሁን አልሞከርኩትም» አለኝ። በዚያ ጭንቀት መሃል የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው። ኢብሬ ግን መረቤን ጥዬ የት እሄዳለሁ ብሎ ቀረ፤ ሉባባም አባቴን ጥዬ አለች። ከባድ መሣሪያ ዳርቻው ላይ ሲወድቅ ፍንጣሪው ግራ ትከሻዋን አገኛት። የሚያክማት አልነበረም፤ ጤና ጣቢያው ባዶውን ነበር። መንገድ ተከፍቶ ሐኪም ጋ ስትደርስ አጥንቱ እንደሆነው ሆኖ ገጥሟል።

ስመለስ ጀሪካኑ ከሐይቁ ላይ የለም። ሰው ለውሃ መቅጃ ፈትቶ ወስዶታል፤ አልፈርድበትም። ኢብሬ ደጅ ላይ ተቀብሎኝ «አልሃምዱሊላህ፣ ነፍሷ ተርፋለች» አለ። አልሃምዱሊላህ አልኩ። ሉባባ ግራ እጇን ልታሳየኝ አነሳችው፤ ከደረቷ በላይ አልሄደም። «በቃ እስከዚህ ነው፣ ኮች» አለች። ቤቴ ሄጄ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ። በጦርነቱም እናደዳለሁ፣ «ለሚቀጥለው ዓመት» በሚለው ቃልም እናደዳለሁ።

ጡረታዬ የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሰሌዳውን ያስረከበኝ ያ የቡድን መሪያችን ነው፤ ዛሬ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ነው። «የአገር ክብረ ወሰን የሰበረች ጀግና ያፈራ» ብሎ ሲናገር ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ጆሮው ጋ ጠጋ ብዬ «ልጅቷ የት አለች?» አልኩት። «ጥሪ ደርሷት ነበር መሰለኝ» አለና ወደ ካሜራው ዞረ። ባጃጅ ይዤ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ወረድኩ።

ሉባባ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማለች። ኢብሬ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ተክሎ ጣውላ እየመታባቸው ነው። አንዱ የአሮጌ በር ቁራጭ ነው፣ አንዱ የተሰበረ ወንበር ነው፤ ያገኙትን ነው የሰበሰቡት። ሰባት ስምንት የሚሆኑ የሠፈር ልጆች ዳር ላይ ተኮልኩለው ይጠብቃሉ። ሉባባ ልታስተምራቸው እንደጀመረች ያኔ ገና አወቅሁ። ለመጣው ኃላፊ ሁሉ ጽፌ የለመንኩት ግድግዳ ከዙህር ሶላት እስከ አስር ሶላት ባለው ጊዜ ተሠርቶ ሊያልቅ ነው። እኔም ይህን መሥራት የሚችል እጅ ነበረኝ። መሃሉ ላይ ብቻ፣ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ፣ አንድ ክፍተት ቀርቷል።

«ኮች፣ ምን ይዘው ነው?» አለችኝ።

ሰሌዳውን ሰጠኋት። በደህናው እጇ ይዛ ቀስ ብላ አነበበችው። «ክብረ ወሰን የሰበረችው ማን ናት?» አለች።

«አንቺን ማለታቸው ነው።»

«ተሰርዞ አልነበር?»

«ተሰርዟል።»

ሰሌዳውን ገለበጠችና በጣቷ አንኳኳችው። «ዋንዛ ነው?»

«ዋንዛ ውሃ ይችላል» አለ ኢብሬ ከኋላዋ፤ እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። ክፍተቱ ላይ ለካው፤ ትንሽ ተረፈ እንጂ አላነሰም። ምስማር አፉ ውስጥ እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። «ሰይዶ፣ ጽሑፉ በየት በኩል ይሁን?»

«ልጆቹ በሚመቱበት በኩል» አልኩት።

መታው። ሉባባ ከልጆቹ አንዷን ጠራችና ከመዋኛው መስመር ሌላኛው ጫፍ እንድትነሳ ላከቻት። እኔ ፊቴን ወደ ከተማው አዞርኩ። ልጅቷ ብዙ ትረጫለች፤ እጇ ውሃውን ይመታል እንጂ አይገባም፤ ገና ብዙ ይቀራታል። እየቀረበች መጣች። ውሃው ዝም አለ። ከዚያ ጧ።

«ነካች፣ ኮች?» አለችኝ ሉባባ፤ እሷ ግን ፊት ለፊቱ ነበር የቆመችው።

«ነካች» አልኳት።